ፊቱን ያዞረው ንስር

ፖርቶፕሬንስ፣ ጥር 1859 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር

የፈረሱ ኮቴ በቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘን ሲታጠፍ ኤፍሮዚን ገና ግቢው መሃል ነበረች። የሐዘን ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው ቁልፉን ጨብጣ ሮጠች። ከባሏ ቀብር ወዲህ ሮጣ አታውቅም። ቀድሞ የደረሰው ወታደር በሩ ላይ ቆሞ የተናገረው አጭር ነበር፤ ክቡር ባሮን እየመጡ ነው፣ የባለ ሁለት ጉርዱ የወረቀት ገንዘብ ማተሚያ ሰሌዳ ወጥቶ ይቆያቸው፣ ሰሌዳ ቀራጺውም ከቦታው እንዳይታጣ።

ቀራጺው ግን ከቦታው ታጥቷል። የባሏ ታናሽ ወንድም ኦሬልያን የሚያድርባት ክፍል በሯ ገርበብ ብሎ፣ አልጋው እንደተነጠፈ ነበር። ጫማው የለም፣ ኮቱ የለም፣ ከራስጌው የማይለየው የመቅረጫዎቹ ማኅደርም የለም። ኤፍሮዚን ይህን ያየችው ሳትቆም፣ እያለፈች ነው። መሸሹ ወዲያው ገባት።

ሥራ ቤቱን ከፈተች። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ በቅባት ጨርቅ የተጠቀለለውን የመዳብ ሰሌዳ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለጠችው።

ሁለቱ የተጣመሩ መድፎች አሉ። በግራና በቀኝ የሚውለበለቡት ባንዲራዎች አሉ። ዙሪያውን የሚጠመጠመው ሐረግም አለ። ዘውድ የደፋው የንጉሠ ነገሥቱ ንስር የሚቆምበት መሃሉ ግን ባዶ ነበር። መዳቡ ተፍቆና ተለስልሶ እንደተላጨ አናት ያበራል። ገለበጠችው። ጀርባው ላይ የመዶሻው ምቶች ተደርድረዋል። ኦሬልያን ሥራውን እንደ ደንቡ ነው የሠራው። ፊቱን ፍቆ፣ ከጀርባ ቀጥቅጦ ጎድጓዳውን ከፍ አድርጎ፣ በማለስለሻ ብረት ደጋግሞ አሽቶታል። ሰነፍ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የድሮው መስመር ጥላ ይቀር ነበር።

ለምን እንዳደረገው ማንም እንዲያስረዳት አልፈለገችም። ከገና በዓል በፊት ጎናይቭ ከተማ ላይ አንድ ጄኔራል ሪፐብሊክ አውጇል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ጦርም ሊቀጣው ሄዶ ሴን ማርክ ላይ ተመትቶ ተመልሷል። በነጻነት ቀን ገበታ ላይ፣ የዱባ ሾርባው እየተቀዳ፣ ኦሬልያን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ተናግሮ ነበር። ያንን አሞራ አውርዶ በምትኩ የሪፐብሊኩን ዘንባባና የነጻነት ቆብ የሚተክል ሰው ነገ የት እንደሚደርስ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ጠጣ አለችው። አሁን አሞራውን አውርዶታል። ዘንባባውን ለመትከል ግን ጊዜ ያጠረው ወይም የምታሸሸው ጀልባ ቀድማ የመጣችበት ይመስላል። ሰሌዳውንም እሷንም ትቶ ሄዷል።

ጨርቁን መልሳ ስትሸፍነው ባሮኑ በሩ ላይ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑ ዓመት የላ ሱርስ ባሮን ተብሎ የተሾመው ይህ ሰው፣ ከዚያ በፊት ሲኔዩስ የሚባል የበቅሎ ነጋዴ ነበር። የኤፍሮዚንን ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ያኔ አበልጄ ትለው ነበር፤ እሱም የበቅሎዎቹን ልጓም አጥሩ ላይ አስሮ ከባሏ ከቴሌማክ ጋር ሩም ይጠጣ ነበር። ከተሾመ በኋላ ግን እሱ ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ ይነሳል። እሱን በስሙ መጥራት ቀረ፣ አበልጅነቱም አብሮ ቀረ። ዛሬ የላባ ባርኔጣውን አላወለቀም። የኮቱ የወርቅ ጥልፍ እስከ ክርኑ በጭቃ ተለውሷል፤ ዓይኖቹም ለቀናት ያልተኛ ሰው ዓይኖች ነበሩ።

ኤፍሮዚን እጆቿን ቀሚሷ ላይ አጣምራ ቆመች። ባሮኑ የፈለገውን ባጭሩ ተናገረ። ክፍለ ጦሩ ከሴን ማርክ ባዶ እግሩን ነው የተመለሰው። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደመወዝ ካላገኘ ሌሊቱን ማንን እንደሚያገለግል እግዜር ይወቅ። የግምጃ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው ያላለቀ ወረቀት ብቻ ነው፤ ጽሑፉና የሚኒስትሮቹ ፊርማ በቀኝ በኩል ታትሞበታል፣ ንስሩ ብቻ ነው የቀረው። ወረቀቱን የጫነችው በቅሎ ውጭ ቆማለች። ይህን ከተናገረ በኋላ ዙሪያውን ተመለከተና ኦሬልያን የት እንዳለ ጠየቀ።

የለውዝ ዘይት ሊገዛ እንደወጣ ነገረችው። ቀለሙ መፈላት፣ ሰሌዳው መሞቅ፣ ወረቀቱ መርጠብ እንዳለበት አስረዳች። ይህኛው እውነት ነበር።

«የማታው ጸሎት ደወል ሲደወል እመጣለሁ» አለ ባሮኑ። «ንስሩ ወረቀቱ ላይ ከሌለ በዚህ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ከመቃብሩ ግንብ ሥር ለጥይት ይቆማል። አንቺም ጭምር፣ ማዳም ቴሌማክ። የኔ ትእዛዝ አይደለም፤ ለእኔም የተነገረኝ እንዲሁ ነው።»

ወታደሮቹን በመንገዱ ሁለት ማዕዘን ላይ አቆመ። አንዱን ደግሞ ወረቀቱን ከበቅሎዋ አስወርዶ ሥራ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠና በቅሎዋን አስከትሎ ሄደ።

የተቀመጠው ወታደር ዶርሴን ይባላል። ጺሙ የሸበተ፣ እግሩ በገመድና በጆንያ የተጠቀለለ ጎልማሳ ነው። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከበሩ አጠገብ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጠና የሚበላ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። የትናንቱን ሙዝ ሰጠችው። ሲበላ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ኤፍሮዚን ማምለጥን አስባ ነበር፤ ማዕዘኖቹ ግን ተይዘዋል፣ የጓሮውንም በር ዶርሴን ያያል። እውነቱን መናገርንም አስባ ነበር። ሰሌዳው የተፋቀው በእሷ ቁልፍ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው፤ አላውቅም ብትል ማን ያምናታል? የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ንስሩን ራሷ መቅረጽ። የንስሩ ቁመት ከአውራ ጣት አይበልጥም። ቴሌማክ ዓይኑን አሞት በነበረበት ክረምት የላባዎቹን ጥላ እንድትሞላ መቅረጫ አስጨብጧት ነበር። ከጥላ በቀር ግን አንድም የቅርጽ መስመር ቀርጻ አታውቅም። የእሷ ሥራ ቀለም መቀባት፣ ሰሌዳውን በመዳፏ መወልወል፣ ማተሚያውን ማዞር ነበር።

የባሏን መቅረጫ ከመሳቢያው አወጣች። እጀታው የእሱን መዳፍ ቅርጽ እንደያዘ ነው። ከተቀበረ ጀምሮ ማንም ያልተቀመጠበትን ዱካውን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና ተቀመጠች። ከመቀነቷ አንድ ያረጀ ባለ ሁለት ጉርድ አውጥታ ፊት ለፊቷ፣ ከግድግዳው ላይ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ከተሰቀለው ክፈፍ ላይ በመርፌ ሰካችው። ቴሌማክ ሲቀርጽ ዓይኑ ሁልጊዜ የሚያርፈው እዚያ ነበር። የእሷም ዓይን ሳታስበው እዚያው አረፈ።

ጀመረች። የመጀመሪያው መስመር አንገቱ ነበር፤ መዳቡ ጠንክሮ ብረቱን ሊያንሸራትትባት ሲል ትንፋሿን ይዛ አቆመችው። ከዚያ ምንቃሩ። ከዚያ ዘውዱ፣ የዘውዱ ጉብታዎች፣ ዓይኑ። ከውጭ የእግር ድምፅ በተሰማ ቁጥር እጇን ታነሳለች፤ ድምፁ ሲያልፍ ትመልሳለች። ላቡ ከቅንድቧ ወርዶ መዳቡ ላይ ጠብ ሲል በክንዷ ጠረገችው። ዶርሴን ከኋላዋ ብቻውን ያወራል። ከሴን ማርክ ሲሸሹ ከበሮውን ጥለው ከበሮ መቺውን እንደተሸከሙት፣ ሻለቃው ደግሞ መንደር ውስጥ የሴት ቀሚስ ለብሶ እንደተገኘ ተረከላት። እሷ በየመሃሉ እህ ትለዋለች። ቀራጺው ጌታ መቼ ነው የሚመጣው ብሎ ሲጠይቃት፣ እሷ የደበዘዘውን ብቻ እያደሰች እንደሆነ፣ ጌታው ሲመጣ እንደሚያየው መለሰችለት።

የላባዎቹ ጥላ ላይ ስትደርስ እጇ ረጋ አለ። ይህን ታውቀዋለች። ከመስኮቱ የሚገባው የፀሐይ ብርሃን ወደ ጣሪያው እየወጣ ሳለ ንስሩ ተጠናቀቀ። የቴሌማክ ንስር ኩሩ ነበር፤ የእሷ ትንሽ ደንግጧል። ለዓይን ግን ንስር ነበር።

ሰሌዳውን ፍሙ ላይ አሙቃ ቀለሙን ቀባችው። በጨርቅ ጠረገች፣ በመዳፏ ወለወለች፣ ጠርዙን በቀሚሷ አጸዳች። ሰሌዳውን ማተሚያው ላይ አጋድማ እርጥቡን ወረቀት፣ ከላዩ የሱፉን ጨርቅ አለበሰችና የማተሚያውን ባለ መስቀል እጀታ ያዘች። እንጨቱ እንደ ድሮው አቃሰተ። ወረቀቱን ከጥግ ይዛ ስታነሳው ዶርሴን ተነስቶ ከኋላዋ ቆመ።

የተጨማደደ ጉርዱን ከደረቱ አውጥቶ ከአዲሱ ጎን ያዘው። «እኛ ጦር ሰፈር ውስጥ ምን እንላለን መሰለዎት እትዬ፤ ይሄ አሞራ ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ ሚኒስትሮቹ ፊርማ ነው። ለዚህ ነው ደመወዛችንም ወደዚያው የሚበረው።» ሳቀ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች አስጠጋቸው። «ይሄኛው ግን ጀርባውን ሰጥቷቸዋል።»

ኤፍሮዚን አየች። አሮጌው ንስር ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊርማዎቹ ያያል። አዲሱ ወደ ግራ፣ ምንም ወደሌለበት ጠርዝ።

ስህተቱ ወዲያው ገባት። ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ሁሉ ሲታተም ይገለበጣል። ይህን ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ የወለወለች ሴት እንዴት ትስተዋለች? የሳተችው ዓይኗ ቦታውን ስላመነ ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ፣ በጥቁሩ ጨርቅ ሥር ያለው መስታወት ነው። ቴሌማክ የሚገለብጠውን ሥዕል ከራሱ ጎን አስቀምጦ፣ በመስታወቱ ውስጥ የተገለበጠውን እያየ ይቀርጽ ነበር። እሱ በሞተ ቀን፣ እንደ ወጉ፣ የቤቱ መስታወቶች ሁሉ ተሸፈኑ። ከቀብሩ በኋላ ሌሎቹ ተገለጡ። ይህን ግን አልገለጠችውም። እሱ ዓይኑን ከመዳቡ ሲያነሳ ማተሚያው ጋ የቆመችውን እሷን ያይ የነበረው በዚህ ነው፤ ፊቱን ሳያዞር ስቆ መልሶ ያቀረቅራል። መስታወቱን ብትገልጠው ከዱካው በላይ ማን እንደሌለ ልታይ ነው። ስለዚህ እንደተሸፈነ ቀረ፤ እሷም ጉርዱን በቀጥታ ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ ያየችውን እንዳየችው ቀረጸች።

እንደገና ለመፋቅ፣ ለመቀጥቀጥና ለማለስለስ ጊዜ የለም። ጥላው ግድግዳውን እየወጣ ነው።

«ሆን ብለው ነው?» አለ ዶርሴን። መሳቁን ትቷል።

«አይደለም።»

ጠመንጃውን አየ፣ በሩን አየ። መጮህ ነበረበት፤ ለዚህ ነው የተቀመጠው። ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገረው ግን ሌላ ነበር። «እንግዲያው ሆን ብዬ ነው ይበሉ። ሐሰተኛ ጉርድ አገሩን ሞልቶታል፤ ለመለያ የተደረገ ምልክት ነው ይበሉ። ሆን ብዬ ነው ካሉ ብልህ ነዎት። ተሳስቼ ነው ካሉ ሙት ነዎት።»

ለምን እንደሚረዳት አልጠየቀችውም። ምናልባት ሙዙ ይሆናል። ምናልባትም እሱ እየጠበቀ ሳለ መበላሸቱ ነው፤ ግንቡ ሥር ለእሱም ቦታ አለ።

ደወሉ ከመደወሉ በፊት ባሮኑ መጣ። ኮቴው የቀስታ አልነበረም። ገብቶ በሩን ራሱ ዘጋው፣ አጃቢዎቹን ማዕዘኑ ላይ ካሉት ጋር ተዋቸው። ኤፍሮዚን ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ሐሰተኞችን ለመለየት ሲባል አዲሱ ኅትመት ብላ ጀመረች።

ባሮኑ እንድትጨርስ አልጠበቀም። ዕድሜውን በገበያ ላይ በበቅሎ ጭን ላይ የተተኮሰን ምልክት ሲያይ፣ የተሰረቀውንና የተቀየረውን ሲለይ የኖረ ሰው ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረውና ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ይሄ የቴሌማክ ንስር አይደለም።»

«ቴሌማክ ሞቷል፣ ክቡር ባሮን።»

«ሬሳውንማ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።» ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ ሰሌዳውን ገለበጠ፣ የመዶሻውን ምቶች በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ኦሬልያን የት ነው? ዘይት አትበይኝ።»

 ከዚህ በኋላ የሚመጣ ውሸት ከየት እንደሚገኝ አላወቀችም። «ጎናይቭ ይመስለኛል» አለች።

የጠበቀችው ጥፊ ወይም የሰይፍ ድምፅ ነበር። ባሮኑ ግን በቴሌማክ ዱካ ላይ ቁጭ አለ። ሚኒስትሩ ፊት ቀርቦ ስለ ኦሬልያን ታማኝነት ማን እንደማለ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ለእሷ ይሁን ለግድግዳው አልታወቀም። መልሱን ራሱ ሰጠ። እሱ ነው የማለው፣ በራሱ አንገት። ኤፍሮዚን በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር አየች። ሰውዬው ከእሷ ባላነሰ ይፈራል፤ የሚፈራ ባሮን ደግሞ ከማይፈራው የባሰ ነው።

ባሮኑ ተነሳና እርጥቡን ወረቀት ለዶርሴን ሰጠው። ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው የካሳቫ ቂጣ ሻጭ ሄዶ በዚህ እንዲገዛ አዘዘው። ሻጭዋ እማ ክሌርሲና ናት። ፊደል አትለይም፤ አብዛኞቹ ገበያተኞች አይለዩም። ጉርዱን የሚያውቁት በአሞራው ነው፣ እንደ ልጅ ፊት። እሷ ከተቀበለች ከተማው ይቀበላል። ካልተቀበለች ግን ወታደሩም አይቀበልም።

ከመስኮቱ መዝጊያ ሥንጥቅ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው አዩ። ዶርሴን በገመድ ጫማው እየተጎተተ መንገዱን ተሻገረ። እማ ክሌርሲና ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው። ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች ጨዋታቸውን አቆሙ።   አሮጊቷ ቀና ብላ ማተሚያ ቤቱን ተመለከተች፣ በጭቃ የተለወሰውን ፈረስ ተመለከተች፣ የወታደሩን እግር ተመለከተች።

ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። ከክምሩ ትልቁን ቂጣ አንስታ ሰጠችው። መልስም አልሰጠችም፣ ዋጋም አልጠራችም።

ኤፍሮዚን ከመዝጊያው ልትመለስ ስትል አሮጊቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። የተረፈውን ቂጣ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ቅርጫቷን አናቷ ላይ አወጣች፣ ለማንም ምንም ሳትል ወደ ኮረብታው መንገድ ሄደች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ገበያው የሚደምቀው ገና አሁን ነበር። የዓሣ ሻጭዋ አየቻትና ዕቃዋን ሰበሰበች። ከዚያ ሙዝ ሻጭዋ። ከዚያ ሻማ የምትሸጠው። አንዷም አልሮጠችም፣ አንዷም አልጮኸችም። መንገዱ ላይ የቀረው የተረገጠ ቅጠልና ፈረሱ ብቻ ነበር።

ባሮኑ ገበያተኞቹ የዞረውን ንስር የውድቀት ምልክት አድርገው እንደወሰዱት ገባውና ከሥንጥቁ ራቅ አለ። ዶርሴን ቂጣውን ታቅፎ ሲመለስ ማንም አላየውም።

«ተቀበለችኝ እኮ» አለ፣ ሊያስደስታቸው ፈልጎ።

ባሮኑ የላባ ባርኔጣውን አወለቀና ዱካው ላይ አስቀመጠው። የወርቅ ጥልፍ ኮቱን አውልቆ ከላዩ ደረበው። በሸሚዙ ብቻ ሲቀር ትከሻው ጠበበ፤ ኤፍሮዚን አጥሩ ላይ ልጓም ያስር የነበረውን ሰው አወቀችው።

«አበልጄ» አላት።

ከዓመታት በኋላ ስትሰማው ቃሉ ከማስፈራሪያው ይልቅ አስፈራት።

«ማተሚያው ድምፁ አይቋረጥ። ማዕዘኑ ላይ ያሉት ድምፁን እስከሰሙ፣ ፈረሴንም እስካዩ ድረስ ደመወዝ እየታተመ ነው ብለው ይጠብቃሉ። ወረቀቱን አውጥተሽ እንዳትሰጪያቸው። የሚቀበላቸው ሲያጡ ተመልሰው የሚመጡት እዚሁ ቤት ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ወደቡ እስክደርስ።»

«ከዚያስ?»

  ባሮኑ በጓሮው በር ወጥቶ በሙዝ ተክሎቹ መሃል ጎንበስ ብሎ ሄደ። ልጄን ክርስትና ያነሳህ አንተ አይደለህም ወይ ልትለው አስባ ነበር። ልጅቷ ጃክሜል ከተማ ናት፣ አግብታ፣ በሰላም። ለእሱ ስሟን መጥራት አልፈለገችም።

ዶርሴን ቂጣውን ይዞ መሃል ቤቱ ቆሟል። የጓሮው በር ለእሱም ክፍት ነው፤ ኤፍሮዚን ድምፁ እንዳይቋረጥ ራሷ ቀርታ እሱ እንዲሄድ ነገረችው። እሱ ሄዶ ጓዶቹን ቢጠራም፣ ዝም ብሎ ቢጠፋም የምታደርገው ነገር አልነበራትም። እጀታውን ይዛ ማዞር ጀመረች። እንጨቱ አቃሰተ፣ ሰሌዳው ሄደ፣ ሰሌዳው ተመለሰ።

ወታደሩ ቂጣውን ለሁለት ቆረሰ። ግማሹን ከቀለም ማሰሮው አጠገብ፣ ለእሷ አስቀመጠ። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የእጀታውን ሌላኛውን ክንድ ያዘ።

«ከሴን ማርክ መሸሽ ስጀምር ቢያንስ ጫማ ነበረኝ፤ አሁን በምን እሸሻለሁ» አለ።

አብረው አዞሩ። በመጀመሪያ እውነተኛውን ሥራ ሠሩ፤ እሷ ቀለም ትቀባለች፣ ትወለውላለች፣ እሱ ይስባል። ጀርባቸውን ለሚኒስትሮቹ የሰጡ ንስሮች በማድረቂያው ገመድ ላይ ተሰቀሉ። እርጥቡ ወረቀት ሲያልቅ ደረቁን አተሙ። ደረቁም አለቀ። ከዚያ በኋላ ባዶውን ማተሚያ አዞሩ፤ ሰሌዳው ከሱፉ ጨርቅ ሥር ብቻውን ይመላለሳል። ደወሉ ደውሎ አበቃ። አንድ ጊዜ ከማዕዘኑ አንድ ድምፅ ገና ነው ወይ ብሎ ጮኸ፤ ዶርሴንም ቀለሙ ይድረቅ እንጂ፣ እርጥብ ደመወዝ ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ መለሰ። ከውጭ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሳቁ ከማዕዘኑ ይልቅ ለቤቱ የቀረበ መሰላት።

ክፍሉ ደንገዝገዝ አለ። መብራት ለማብራት እጀታውን መልቀቅ ይጠይቃል። ክንዷ ከትከሻዋ እስከ ጣቷ የሌላ ሰው ክንድ ሆኗል። ፈረሱ ሲያንኮራፋ፣ ከዚያም ልጓሙ ሲንቀሳቀስ ሰማች። አንድ ሰው ፈትቶት ይሆናል፤ ወይም ዝንብ ነው። ዶርሴን ዓይኗን ፈለገ፣ ሁለቱም ግን አላቆሙም። ቀጥሎ ድንጋዩ ላይ የእግር ድምፅ ተሰማ፣ ብዙ እግር፣ አንዳንዱ ጫማ ያለው፣ አንዳንዱ የሌለው። እየሄዱ ይሁን እየመጡ፣ በተዘጋ በር ውስጥ ሆኖ፣ በዚያ የእንጨት ማቃሰት መሃል መለየት አይቻልም ነበር።

ኤፍሮዚን እጀታውን አልለቀቀችም።